ይድረስ ለብሔራዊ የአትሌቲክስ ቡድን መራጮች



ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ በወንዶች ማራቶን የራቀንን ወርቅም አመጣልን። በደስታው መካከል ግን አንድ ነገር ተድበስብሶ አለፈ። ታምራት መጀመሪያ ከመረጣችኋቸው ሦስት ሯጮች አንዱ አልነበረም፤ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ቦታውን ባይለቅለት ኖሮ ውድድሩን እንደ እኛው በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው።

ሲሳይን መምረጣችሁ ስህተት ነበር አልልም። በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው፤ እኔም ብሆን እመርጠው ነበር። ታምራት ደግሞ በዩጂን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ኒውዮርክንም የውድድሩን ክብረ ወሰን አሻሽሎ ያሸነፈ ነው። ኒውዮርክ በድልድዮቿ ምክንያት ለሯጭ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት፤ የፓሪሱም ጎዳና ዳገቱ ከባድ እንደሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ዳገት ላይ ማሸነፍ በሚዛናችሁ ስንት ነጥብ ያስገኛል? ሜዳ ላይ የተመዘገበ ፈጣን ሰዓትስ? ሦስቱን ከተጠባባቂው የለየው ምን እንደሆነ አሥር የአትሌቲክስ ወዳጅ ብትጠይቁ አሥር መልስ ትሰማላችሁ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ለቶኪዮ ኦሎምፒክ የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ቀነኒሳ በቀለ አልሮጥም ብሎ ቀረ፤ ሹራ ቂጣታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ቀድመው ገብተው ተመረጡ። የኦሎምፒኩ ማራቶን በተሮጠባት ሳፖሮ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። የሳፖሮ ሙቀት የራሱ ድርሻ አለው። ይሁንና ኦሎምፒክ ሦስት ወር ሲቀረው የማራቶን ሯጭን በሰበታ ከፍታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት ማስሮጥ የማንን አቅም እንደሚለካ፣ የማንን እንደሚጨርስ ተነጋግረንበታል ወይ?

በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሚዛን መሆኑ ነው። አትሌቱ ማናጀሩ ሲደውልለት ምን ብሎ ይመልስ? የጸደይ ማራቶን ልሩጥ ይበል ወይስ ለማጣሪያ እግሬን ላሳርፍ? ማራቶን በዓመት ሁለቴ ቢሮጥ ነው፤ አንዱን በተሳሳተ ግምት ያባከነ ሰው የኦሎምፒክ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው።

ትራኩ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2013 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ማጣሪያችን የተካሄደው ሆላንድ፣ ሄንጌሎ ነው። በ2016 የወንዶች 10,000 ሜትር ስፔን ውስጥ ተሮጠ። ምክንያቱ ይገባኛል፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ በዚህ አየር ሚኒማ (ለኦሎምፒክ የሚያበቃ ሰዓት) ማምጣት ከባድ ነው። ግን እስቲ ሄንጌሎ መነሻ መስመር ላይ ማን ይቆማል? ፓስፖርትና ቪዛ ያለው፣ ማናጀር የያዘው፣ ስሙ አስቀድሞ የታወቀው ነው። በቆጂ ውስጥ ማለዳ ተነስታ የምትሮጥ፣ ከክለብ እንኳ ያልገባች ልጅ በዚህ መንገድ እንዴት ትታያለች? በዚያችው ከተማ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠነው ቪዛ ጠይቆ አይደለም። ልጆቹ ሲሮጡ እያየ ነው። እናንተ ሥራችሁን የምትጀምሩት እሱ የጨረሰው ላይ ነው፤ ምርጫችሁ ያማረ የሚመስለውም እንደ እሱ ያሉ ሰዎች አስቀድመው ስለመረጡላችሁ ነው።

አውቃለሁ፣ ወንበሩን በቅርቡ የያዛችሁ አላችሁ፤ ያለፈው ሁሉ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ሰው ሲቀያየር አሠራሩ ባለበት ከቀረ ግን ተጠያቂነቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መስፈርት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጽሑፍ ይውጣ፤ ሰዓት፣ ደረጃና የውድድሩ ዓይነት እያንዳንዳቸው ስንት ነጥብ እንዳላቸው ይግለጽ። አንዴ ከወጣ በኋላ ለማንም ትልቅ ስም ተብሎ አይነካ። ማጣሪያው ውጭ አገር የሚሆን ከሆነ አገር ውስጥ በሚደረግ ውድድር ለሚያሸንፉ፣ ማናጀር ለሌላቸው ልጆች ጉዞውን የምትሸፍኑላቸው ቦታ ይያዝ። ተጠባባቂ ለምታደርጉትም አትሌት ምክንያቱን በደብዳቤ ስጡት።