ከመረብ የወጣ ሁሉ ዓሣ አይደለም

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. በቀድሞው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ የሳይንስ ተማሪ ዋነኛ ጭንቀት የመረጃ እጦት ነበር። የሚፈልገው ጥናት በየትኛው መጽሔት እንደታተመ ቢያውቅ እንኳ መጽሔቱ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ከሌለ ተስፋ ቆርጦ ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ ጭንቀቱ ተገልብጧል፤ የሚያነበው አያጣም፣ የሚያምነውን ለመለየት ግን ይቸገራል። ይህ ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም መረጃ ያጣ ሰው ማጣቱን ያውቃል፣ የተሳሳተ መረጃ ያገኘ ሰው ግን ያወቀ ይመስለዋል።

የኢንተርኔትን ጥቅም ለማሳነስ አንሻም። ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተሰኘው ፕሮግራምም ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ከፍቷል። አንድ መጽሔት ለማንበብ ውቅያኖስ ማቋረጥ ግድ ይል ለነበረ ትውልድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ተማሪዎቻችንን አሰነፈ እያሉ የሚያማርሩ መምህራን ይህን የዘነጉ ይመስለናል።

ጉዳዩን ቀረብ አድርጎ ለማየት በየገበያው የምናውቀውን ሺፈራውን እንውሰድ። የሺፈራው ዱቄት በየድረ ገጹና በየማኅበራዊ መገናኛው የሚወደሰው በቁጥር ነው፤ ከብርቱካን ሰባት እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተት አሥራ ሰባት እጥፍ ካልሲየም አለው ይባላል። ቁጥር ያለበት ነገር ሳይንስ ስለሚመስል አንባቢው ሳይጠራጠር ይቀበለዋል።

እስቲ ቁጥሮቹን እንመርምር። ሰባት እጥፍ የሚለው የተገኘው በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ 220 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለ ከሚል ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ግን ለዚያው 100 ግራም ትኩስ ቅጠል የሚሰጠው 51.7 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለብርቱካን የሚሰጠው 53.2 ነው፤ ማለትም ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለት ሠንጠረዦች በአራት እጥፍ መለያየታቸው አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ የቅጠሉ ዕድሜ፣ አፈሩ፣ የአለካኩ ዘዴ ውጤቱን ሊቀይሩት ይችላሉ። ነገር ግን ከሁለቱ ትልቁን ብቻ መርጦ ማሰራጨት የሻጭ እንጂ የሳይንስ ሰው ሥራ አይደለም። በዚህ ላይ ቅጠሉ ደርቆ ሲፈጭ ከቫይታሚን ሲው አብዛኛው ይጠፋል፤ ስለ ዱቄቱ በሰፊው የሚሠራበት ሠንጠረዥ ራሱ በ100 ግራም 17.3 ሚሊግራም ብቻ ያስቀምጣል። ስለዚህ የትኩሱን ቅጠል ቁጥር በዱቄቱ ከረጢት ላይ መጻፍ ትክክል አይደለም።

ካልሲየሙስ? በ100 ግራም ዱቄት 2003 ሚሊግራም፣ በ100 ግራም ወተት ደግሞ 120 ገደማ ስለሚገኝ አሥራ ሰባት እጥፍ መባሉ በሒሳብ ረገድ ስህተት የለበትም። ይሁን እንጂ ወተት ከመቶ ሰማንያ ሰባት እጁ ውኃ ነው፤ ዱቄቱ ውኃው የወጣለት ቅጠል ነው። ደግሞስ በቀን 100 ግራም ደረቅ ዱቄት የሚበላ ማን ነው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ስምንት ግራም ያህል ቢመዝን 160 ሚሊግራም ካልሲየም ይሰጣል፤ ይህም ከግማሽ ብርጭቆ ወተት ትንሽ ከፍ ይላል። መጥፎ አይደለም፤ አሥራ ሰባት እጥፍ ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመን ሌላ ነው። በዓለም ዙሪያ የሚዘዋወሩት እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ሞሪንጋ ኦሌይፌራ በተባለው የሕንድ ዛፍ ላይ ነው። በኮንሶና በጋሞ የሚበቅለው፣ የኮንሶ ገበሬ በእርከን ማሳው ላይ ተክሎ ቅጠሉን ቀቅሎ ከኩርኩፋው ጋር የሚበላው የእኛው ሺፈራው ግን ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። አንድ ወገን ቢሆኑም አንድ ዝርያ አይደሉም። ሺፈራው መልካም ምግብ መሆኑን አንክድም፤ የኮንሶ ሕዝብ ይህን ለማወቅ ኢንተርኔትን አልጠበቀም። የምንቃወመው የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ በአይጦች ላይ በተገኘ ውጤትና በሌላ ዛፍ ቁጥር ተማምኖ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲተው የሚገፋፋውን ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ የሚያስከፍለው የፈተና ነጥብ አይደለም።

እንግዲያው ምን እንመን ለሚል አንባቢ የተለመደው መልስ በታወቀ መጽሔት የወጣውን እመን የሚል ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ላንሴት የተባለው የታላቋ ብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አንድሩ ዌክፊልድና ባልደረቦቹ 12 ሕፃናትን ይዘው የጻፉትን፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። መጽሔቱ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ ተሰረዘ። ሳይንስ ዘግይቶም ቢሆን ራሱን አርሟል። ችግሩ እርማቱ በመጽሔቱ ገጽ ላይ ሲጻፍ፣ ጽሑፉን ጠቅሰው በዓለም ዙሪያ የተበተኑት ገጾች ሳይታረሙ መቅረታቸው ነው። ዛሬም ክትባቱን የሚፈሩ ወላጆች የሚያነቡት እነዚያን ቅጂዎች ነው። ስለዚህ አንድ ጥናት ታትሟል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከታተመ በኋላ ምን ደረሰበት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ መመዘኛ ዘዴው ካነበብናቸው ጥናቶች መካከል አንዱ በተለይ ትኩረታችንን ስቦታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማክግሩ 45 ሰዎችን አወዳደሩ፤ አሥሩ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው ምሁራን፣ አሥሩ በሙያቸው የጽሑፍን እውነትነት የሚያጣሩ ሰዎች፣ ሃያ አምስቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበሩ። ከቀረቡላቸው ድረ ገጾች መካከል እ.ኤ.አ. በ1930 የተቋቋመው ትልቁ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና፣ ከእሱ ተገንጥለው በወጡ ጥቂት ሐኪሞች በ2002 የተመሠረተ፣ ስሙ ግን የሚመሳሰል ሌላ ማኅበር ይገኙበታል። ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ይበልጥ የሚታመነው ትንሹ ነው አሉ። ምሁራኑም ቢሆኑ በአንድ ቃል አልተናገሩም። አጣሪዎቹ ግን ሁሉም አልተሳሳቱም።

ልዩነቱ የዕውቀት አልነበረም። ተማሪዎቹና ምሁራኑ የተሰጣቸውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ አርማውን፣ የአጻጻፉን ጥራት፣ የአድራሻውን መጨረሻ ተመለከቱ። እነዚህ ሁሉ የገጹ ባለቤት እንደ ፈቃዱ የሚያሰናዳቸው ናቸው። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ስለ ማኅበሩ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ነገሩ ለእኛ ባህል እንግዳ አይደለም፤ ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት የሙሽራውን ጠባይ የሚጠይቀው ሙሽራውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው።

ጥንቃቄው አጣዳፊ የሆነበት ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ትዊተር ይባል በነበረው መድረክ ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምሮ፣ ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው በ70 በመቶ የበለጠ እንደገና የመተላለፍ ዕድል እንዳለው ደርሶበታል። ዋናዎቹ አሰራጮችም ሰዎች እንጂ ማሽኖች አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተጠየቁትን ሁሉ በተቃና ቋንቋ የሚመልሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ከእነዚህ አንዱን ያመኑ ጠበቆች በዓለም ላይ ያልነበሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቆቹ ውሳኔዎቹን በትክክለኛው መዝገብ ቢፈልጓቸው ኖሮ እንደሌሉ በደቂቃዎች ውስጥ በደረሱበት ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ፈተናው የበረታ ነው። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከስድስት ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ከሃያ ሺህ ያነሱ ናቸው። በእንግሊዝኛ የወጣን ሐሰት ሌላ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያጋልጠዋል፤ በአማርኛ የወጣ ሐሰት ግን ጎረቤት የለውም፣ የሚጠየቅለት ሰው አይገኝም።

በመሆኑም ፋኩልቲያችን በመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ውስጥ ከቤተ ሙከራው ሰዓት ጥቂቱን ለዚህ ሥራ ቢመድብ እንወዳለን። ተማሪው ፒፔት አያያዝ እንደሚማር ሁሉ አንድ የሺፈራው ቁጥር ይሰጠውና ምንጩ እስኪገኝ ድረስ ወደ ኋላ ይከተለው፤ ውጤቱንም በአማርኛ ይጻፈው፤ ከተጻፉትም የተሻሉትን ይህ መጽሔት ያትማል። ኢንተርኔትን ከመከልከል ወይም በጅምላ ከመንቀፍ ይህ ይሻላል እንላለን። አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን፤ አንድን ገጽ ለማጣራት ሌሎች አምስት ገጾችን መክፈት ያስፈልጋል፣ በሞባይል ካርድ ለሚጠቀም ተማሪ ደግሞ እያንዳንዱ ገጽ ገንዘብ ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተሮች በሥራ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በምሽትና በቅዳሜም እንዲከፈቱ የምንጠይቀው ስለዚሁ ነው።