የአቃቂ ወንዞችና ከመደርደሪያ ያልወረደው ጥናት

ከእንጦጦ ተራሮች የሚነሱት ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከተማዋ የለቀቀችው ፍሳሽ፣ እንግዲህ፣ ከአገር አይወጣም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው እነዚህን ወንዞች ሲመረምሩ ቆይተዋል። ውሃ ቀድቶ ወደ ቤተ ሙከራ መውሰድ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው በመረብ ከወንዙ ወለል ጥቃቅን ፍጥረታትን አጥምዶ መቁጠር ነው። ንጹሕ ውሃ የሚሹት ጠፍተው ኦክስጅን ባነሰው ጭቃ የሚኖሩ ቀያይ ትሎች ብቻ ከተገኙ ወንዙ ታሟል። የተቀዳው ውሃ ስለዚያች ሰዓት ይናገራል፤ ፍጥረታቱ ግን ስላለፉት ሳምንታትና ወራት ይመሰክራሉ።

ፊቅህ የተማረ ሰው ውሃን በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው ይመዝናል፤ ነጃሳ ከሦስቱ አንዱን ከለወጠ የውሃው ብዛት አያነጻውም። ትንሹ አቃቂ በብዙ ቦታ በዚህ መለኪያ ብቻ ይወድቃል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ዓይንና አፍንጫ የማይደርሱበት፣ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ክሮሚየም የመሰለ ብረት ነው። በዚያ ውሃ የለማ አትክልት ገበያ ወጥቶ ቤተሰቦቻችን ማዕድ ላይ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብረት እንደሚያከማቹ አሳይቷል። ለገበሬው ይህ ወርቅ የሆነ ዕውቀት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥናት ግን በራሱ እግር ማሳ አይወርድም። ዩኒቨርሲቲዎች ለእያንዳንዱ የወንዝ ጥናት አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እንዲወጣ ቢያስገድዱ ወጪው ኢምንት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ለከተማዋ ውበት ሰጥቷል። ውሃው የሚጠራው ግን ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ሲቆም ነው።

በደማምና በአልኾባር የምንኖር፣ ወንዝ በሌለበት ምድር ጨው የተጣራለት የባሕር ውሃ የምንጠጣ ሰዎች፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። ብዙዎቻችን ሪያል እየላክን አዲስ አበባ ቤት እናሠራለን። ስለ ሴራሚኩና ስለ በሩ በስልክ ስንነጋገር የመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ የት እንደሚያበቃ መጠየቅ እንረሳለን። የሚቀጥለው ክፍያ ከመላኩ በፊት የሴፕቲክ ታንኩ ጉድጓድ ፎቶግራፍ ይምጣ።