ሸራና ገመድ በወለጋ

በነቀምቴ ከተማ ቡና የጫነ ካሚዮን ለጉዞ ሲሰናዳ ሰማዩ የጠቆረ እንደ ሆነ፥ ሾፌሩ ረዳቱን ጠርቶ «ሸራውን አልብስ፤ ገመዱን ወጥር!» ይለዋል። ረዳቱም ከጭነቱ ላይ ወጥቶ የታዘዘውን ይፈጽማል። ባሕርን በዓይኑ ያላየው ይህ ወጣት የሚጠራው ቃል የመርከበኛ ቃል መሆኑን ግን የነገረው የለም።

ሸራ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፥ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ነፋስ እየሞላው መርከብን የሚነዳውን ጨርቅ ነበር። ጀልባም እንዲሁ በቀይ ባሕር ይመላለስ የነበረው፥ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋው መርከብ ስም ነው። መልህቅን ደግሞ ከግእዝ ወረስነው። የአዱሊስን ወደብ ለገነባ ሕዝብ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

«ወለጋ ባሕር የለውም፤ የመርከብ ቃል ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተዋዋሉ በኋላ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነ። የደምቢ ዶሎ ቡና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ባሮ ይወርድና፥ ወንዙ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። እንዲሁም አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት በ1899 በኦሮምኛ ያሳተሙት ኦኔስሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ገብተው እስከ 1931 በዚያው አስተምረዋል። የጳውሎስን መርከብ መሰበር የሚተርከውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ለደጋ ሰው በቋንቋው ያቀረቡት ቀይ ባሕርን በመርከብ የተሻገሩ ሰው ነበሩ።

ዛሬስ? በ1973 የፊንጫ ግድብ ሲጠናቀቅ፥ በሆሮ ጉዱሩ የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሆኗል። በሐይቁ ወዲህና ወዲያ ያለው ገበሬ ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ በጀልባ ይሻገራል። ስለዚህ የጀልባ ቃል ለወለጋ ሰው የመዝገበ ቃላት ጌጥ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ግን ቃላችን ያልተለየ መሆኑ ነው። በአማርኛ ጀልባን የሚገፋውንም፥ ከኋላ ሆኖ አቅጣጫ የሚያስይዘውንም መቅዘፊያ እንላለን። መርከበኛ ሸራን ወደ ላይ የሚሰቅለውን ገመድ፥ የሸራውን ጫፍ የሚስበውን ገመድና ምሰሶው እንዳይወድቅ የሚወጥረውን ገመድ በሦስት ስም ሲጠራ፥ እኛ ሁሉንም ገመድ ብለን እናልፋለን። አንድ ሹም «መቅዘፊያው ይመርመር» ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍ የትኛው ሊመረመር ነው? ማዕበል ሲነሣ «ገመዱን ልቀቅ!» ቢባል የትኛው ሊለቀቅ ነው? ስሙ ያልተለየ ዕቃ መበላሸቱም በጊዜ አይታወቅም።

መድኃኒቱ የውጭውን ቃል እንዳለ መገልበጥ አይደለም፤ ማንም የማይረዳውን አዲስ ቃል በቢሮ ተቀምጦ መፍጠርም አይደለም። መስቀያ ገመድ፥ መሳቢያ ገመድ፥ መወጠሪያ ገመድ ብንል ማንም ሰው ይገባዋል። ከኋላ ያለውንም፥ ሾፌሩ በመኪናው እንደሚለው ሁሉ፥ መሪ ብንለው መቅዘፊያ ለቀዛፊው ብቻ ይቀርለታል። ከዚህም በፊት ግን ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። የጣና ሰው ከደንገል ታንኳ ሲያስር፥ የባሮ ሰው ግንድ ፈልፍሎ ጀልባ ሲሠራ ለየክፍሉ የሚሰጠው ስም አለው። ኦሮምኛም ቢዲሩና ዶኒ ብሎ ጀልባን ከመርከብ ይለያል።

እንግዲህ ወደ ሻምቡም ሆነ ወደ ደምቢ ዶሎ ተመድበህ የምትሄድ ወጣት ሹም፥ ለዕረፍት ወደ አገርህ የምትመለስ ተማሪ፥ አንድ ደብተር ያዝ። ቀዛፊውን በትሕትና ቀርበህ «አባቴ፥ ይህን ምን ይሉታል?» ብለህ ጠይቅ፤ የነገረህንም በቋንቋው ጻፍ። የጀልባ መመሪያ በምታወጣበት ቀን ከዚያ ደብተር ጀምር። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ቃሉን ከማንም አታገኘውም፤ ተሳፋሪው ያልተረዳው መመሪያም በማዕበል ጊዜ አያድነውም።