መሥመሩ ይርዘም፣ ወረፋው ግን አይርዘም!

ደብረ ብርሃን የድሮዋ ደብረ ብርሃን አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ነዋሪዋ 65 ሺሕ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ። ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን መጥተው ተጠለሉባት። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን ይንቀሳቀስ?

ጥያቄው ከከተማዋ ክልል ያልፋል። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር፣ አፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዝለቃቸው በፊት የሸዋ መናገሻ ነበረች። ዛሬ የአንኮበር ሰው ለሕክምናም፣ ለትምህርትም፣ ለገበያም፣ ለሥራም የሚመጣው ደብረ ብርሃን ነው። መናኸሪያ ሲደርስ የሚጠብቀው ግን ሰዓቱ የታወቀ አውቶቡስ ሳይሆን «እስኪሞላ» የሚባል ነገር ነው። መኪናው የሚነሳው ሰዓቱ ሲደርስ ሳይሆን ወንበሩ ሲሞላ ነው። በሽተኛ የያዘውም፣ ፈተና ያለበትም እኩል ይጠብቃል። ሲመሽ ደግሞ የታሪፉ ነገር አይነሳ! ረዳቱ የጠራው ዋጋ ሕግ ይሆናል።

እንግዲህ የደብረ ብርሃን የሕዝብ ማመላለሻ መሥመር እስከ አንኮበር ይዘርጋ ወይ? ይዘርጋ እንላለን። ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. ጣሊያን ትቷቸው በሄደ ጥቂት የጭነት መኪኖች ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ ኋላ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሰንዳፋን፣ ዱከምንና ሆለታን የመሳሰሉ ከተሞች ድረስ ይመላለስ ነበር። ሠራተኛው ከከተማ ውጭ እያደረ ከተማ ውስጥ መሥራት የቻለው በዚህ ነው።

ነገር ግን ታፔላ መለወጥ መሥመር መዘርጋት አይደለም። ሒሳቡን እንሥራው። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ ለመመለስ፣ ከነመጫኛ ማውረጃው 3 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 3 አውቶቡስ ካለ በየሰዓቱ አንድ ይነሳል። አንድ ብቻ ከተመደበ ግን ያመለጠው ሰው 3 ሰዓት በብርድ ይንቀጠቀጣል። ይባስ ብሎ ያ አንዱ አውቶቡስ ከከተማው መሥመር ተነቅሎ የመጣ ከሆነ የፋብሪካው ሠራተኛም አብሮ ይቀራል። መኪና ሳይጨመር የሚረዝም መሥመር የሚያስረዝመው ወረፋውን ነው። ደግሞም ጭጋግ የማያጣው ያ የተራራ መንገድ ፍሬኑና ጎማው ያለቀ መኪና አይፈልግም። ስለዚህ መጠባበቂያ አውቶቡስና ጋራዥ ከመጀመሪያው ይታሰብ።

«በገበያ ቀን ይሞላል፤ በሌላው ቀን ባዶውን ይሄዳል፤ ኪሳራውን ማን ይችላል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አዲስ አበባስ ለአንበሳ ስትደጉም የኖረችው ለምን ነበር? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመርስ የሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ የተደጎመው ለተሳፋሪው ተብሎ አልነበረም? የሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ ማመላለሻ ከወጣ የአንኮበር ገበሬም ድርሻ አለው። ባለ ሚኒባሶችም ከእንጀራቸው ይነሱ አላልንም። አውቶቡሱ ዋናውን መንገድ ሲይዝ እነሱ ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ ያመላልሱ፤ ሥራ አይጠፋም።

«ሰላም የለም፣ መንገድ ይዘጋል» የሚል መልስ እንደሚመጣም እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተቀጣጠለው ጦርነት ስንቱን መንገድ እንደዘጋ ማን ይክዳል? ይሁንና ከታሪፍ በላይ ማስከፈልና ትርፍ መጫን ከጦርነቱ በፊትም ነበሩ። መንገድ በተዘጋ ቀን አውቶቡሱ ይቆማል፤ ክፍት በሆነ ቀን ሕዝቡ የሚቆምበት ምክንያት ግን አይታየንም።

እናም የሚመለከታቸው የከተማ፣ የዞንና የክልል የትራንስፖርት ኃላፊዎች ሆይ! መጀመሪያ በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚሳፈር ቁጠሩ። ከዚያ ለመሥመሩ የሚበቃ አውቶቡስ መድቡ፤ የመነሻውን ሰዓትና ታሪፉን በትልቁ ጽፋችሁ መናኸሪያው በር ላይ ስቀሉ። ምረቃና ሪባን መቁረጡ ይቆያችሁ። ሕዝቡ የጠየቀው በሰዓቱ የሚነሳ አውቶቡስ ነው!