የጋራ ጽሑፍ የጋራ ድካም ይጠይቃል

በኅብረት መጻፍ ለሕዝባችን እንግዳ አሠራር አይደለም። በየቀበሌው ዕድር ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ያነባል፤ አባላት ያዳምጣሉ፤ «እንዲህ አልተባለም» የሚል ይነሣል፤ ቃሉ ይታረማል፤ ከዚያም ይፈረማል። ፊርማው ክብደት የሚያገኘው እያንዳንዱ ፈራሚ ጽሑፉን መርምሮ የራሱ ስላደረገው ነው።

ነገሌ ቦረና ለዚህ ታሪካዊ ምስክር ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. በከተማዋ የሰፈሩት የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በተበላሸ ምግብና በውሃ እጦት ተማርረው ሲያምፁ፣ አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረቡት በጋራ ነበር። ጥሙን ሁሉም የቀመሱት በመሆኑ ቃሉም የሁሉም ነበር።

ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የሚታየው ግን ሌላ ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አዲስ ገቢዎች ሁሉ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂል ይማራሉ። በቡድን ጻፉ ሲባሉ በአምስት ስም የሚቀርበው ድርሰት ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ነው። አንዱ ሌሊቱን ይጽፋል፤ አራቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ፤ ነጥቡ እኩል ይታደላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ የሚያወድሰው እያንዳንዱ አንድ ሎሚ የሚይዝበትን አሠራር ነው። እኛ ዘንድ ግን ሃምሳውን አንዱ ተሸክሞ ሌሎቹ ያጌጡበታል።

ከዚህ የሚጎዳው ማነው? ከሞያሌ፣ ከያቤሎ፣ ከነገሌ ወይም ከሻኪሶ የመጣው፣ እንግሊዝኛን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሰምቶት የማያውቀው ተማሪ ነው። ልምምዱ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እርሱ ሆኖ ሳለ ከብዕሩ የሚገፋውም እርሱ ነው። ነገ የሠራተኛ ማኅበሩ አቤቱታ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሪፖርት ጸሐፊ ሲፈልግ፣ ዲግሪ የያዘው ልጃችን አንገቱን ይደፋል።

አንዳንዶች «የቡድን ሥራ ይቅር» ይላሉ። ይህ በሽታውን ትቶ በሽተኛውን ማስወገድ ነው። ክፍሉ ሲጨናነቅና መምህሩ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ለማረም ጊዜ ሲያጣ፣ ቡድኑ የማረሚያ ሸክም ማቅለያ ሆኖ ቀርቷል። ጉድለቱ ያለው ከአደረጃጀቱ እንጂ ከኅብረቱ አይደለም።

የቦረና ሕዝብ ከጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶች ውሃ የሚያወጣው ከታች እስከ ላይ ተሰልፎ፣ እያዜመ፣ ከእጅ ወደ እጅ በማቀባበል ነው። የመቅጃውን ተራ አባ ሄሬጋ ይመራል። ከሰልፉ አንዱ እጁን ቢሰበስብ ውሃው ከመንገድ ይቀራል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስሙን ብቻ የሚያቆም ሰው ቦታ የለውም።

የመማሪያ ክፍሉም ከዚህ ይማር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ረቂቅ ይዞ ይምጣ፤ ረቂቆቹ በቡድኑ ፊት ተነበው ሂስ ይሰንዘርባቸው፤ የጸሐፊነቱ ተራ ይዙር። መምህሩ ረቂቆቹን ከድርሰቱ ጋር ይቀበል፤ በዕጣ የወጣውንም ተማሪ «ይህን አንቀጽ ለምን እንዲህ ጻፋችሁት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከነጥቡ ከፊሉ ለግል ድርሻ ይሰጥ። ረቂቅን ማገላበጥ ሙሉ ድርሰትን ከማረም ይቀላልና ሸክሙ ከአቅም በላይ አይሆንም።

ወላጆችና የቀበሌ ነዋሪዎችም ድርሻ አለን። ልጆቻችን ለዕረፍት ሲመለሱ «ስንት አገኘህ?» ከማለት አስቀድመን «የትኛውን አንቀጽ አንተ ጻፍከው?» ብለን እንጠይቅ። ያልደከመበትን የሚፈርም ትውልድ የራሱን መብት የሚጠይቅ ደብዳቤ መጻፍ ያቅተዋል!