የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ

የባንክ ካዝና በአንድ ቁልፍ አይከፈትም። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቁልፎችን ይይዛሉ፤ አንደኛው የቱንም ያህል ቢታመን፣ ሌላው ካልመጣ በሩን ማንቀሳቀስ አይቻለውም። እንጀራዬ ሆኖ ይህን ሥርዓት በየማለዳው አየዋለሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው ግን ስለ ሌላ በር ነው፤ የሀገሬ ሰው በባዕድ ምድር ተቀጣሪ ሳይሆን የድርጅት ባለቤት ሆኖ ይሠራ ዘንድ ስለሚያስገባው በር። እርሱም ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ከሰባ ዓመታት በፊት ተሰጥቶናል፤ ሁለተኛው በገዛ እጃችን ነው።

ውድ አንባብያን፣ አማርኛችን ስለ መውጣት ሲናገር ልብ ብላችሁ አድምጡት። «ዲቪ ደረሰው» እንላለን። «ቪዛ ተመታለት» እንላለን። «ቀናው» እንላለን። በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ ሰውዬው አንዳች ሲሠራ አይታይም፤ ይደርሰዋል፣ ይመታለታል፣ ይቀናዋል። ግሱ የሌላ ነው፣ እርሱ ተቀባይ ብቻ ነው። ድርጅት ለመምራት የሚጠየቅ ቪዛ ግን ዕጣ አይደለም። «ማን ይቀጥርሃል?» ብሎ ሳይሆን «ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልተዘጋጀን ለምንድን ነው?

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። በተለምዶ «የንግድ ቪዛ» የምንለው የአሜሪካው ቢ-1፣ ስብሰባ ለመካፈል፣ ኤግዚቢሽን ለማየት ወይም ውል ለመነጋገር የሚያበቃ የአጭር ጊዜ ፈቃድ ነው፤ በእርሱ ገብቶ መደብር ከፍቶ ማስተዳደር አይቻልም። ለዚህ የሚያበቃው ኢ-2 የተባለው የባለሀብቶች ቪዛ ሲሆን፣ የሚሰጠውም በዋናነት ከአሜሪካ ጋር የንግድ ውል ላላቸው ሀገሮች ዜጎች ነው። ሕንድና ቻይናን የሚያህሉ ሀገሮች ይህ ውል የላቸውም። ኢትዮጵያ ግን አላት። ጳጉሜን 2 ቀን 1943 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ውል መስከረም 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ሥራ ላይ ውሏል። ንጉሡም ደርጉም ኢሕአዴግም አለፉ፤ ውሉ ግን አላለፈም።

ይህ ቪዛ ሎተሪ የለውም፤ ዓመታዊ ኮታም የለውም። አመልካቹ የድርጅቱን ቢያንስ ግማሽ ድርሻ የያዘ ወይም አመራሩን የጨበጠ ይሁን ይላል። ገንዘቡ ከሕጋዊ ምንጭ የተገኘ፣ ለሥራው የዋለና ለኪሳራም የተጋለጠ ይሁን ይላል። መጠኑን በቁጥር አይቆርጥም፤ ለድርጅቱ የሚመጥን ይሁን ይላል እንጂ። ድርጅቱም የባለቤቱን ቤተሰብ ጉሮሮ ከመድፈን ያለፈ ፍሬ እንዲያፈራ ይሻል። እርግጥ ነው፣ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸውን አብዛኞቹን ጊዜያዊ ቪዛዎች የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ በማድረግ መንገዱን አጥብባዋለች። ውሉን ግን አልሻረችውም።

እኛ የመርሳ ሰዎች የውልን ነገር ልናቃልል አይገባንም። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው «ይቻላል» ያለውን በጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ልዩነት አድዋ ድረስ አደረሰን። ያን ጊዜ አንብበን ተቃወምን፤ ነፃነታችንንም አተረፍን። የ1943ቱን ውል ግን ስንቶቻችን አነበብነው?

በዚህ መሐል የሀብሩ ልጅ በአፋር በረሃ ወደ ኦቦክ ይወርዳል፤ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ድንበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ ድንበር በጠባቂዎች መገደላቸውን አስታውቋል። በእግሩ የሚሄደው የድሃ ልጅ ነገ በኢ-2 ይሄዳል የሚል ቧልት አልናገርም፤ ይህ ቪዛ ጥሪት ላለው ነው። ነገር ግን ጥሪት ያለው ነጋዴያችንም መንገድ አጥቶ ከቆመ፣ በባዕድ ሀገር የሚኖረን ጉልበት ሻጭ ብቻ ይሆናል።

እነሆ ሁለተኛው ቁልፍ። ደንበኛ ከመስኮቴ ፊት ቆሞ «ለኤምባሲ የሚሆን ስቴትመንት ስጠኝ» ይለኛል። አትሜ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ እሰጠዋለሁ። ወረቀቱ እውነት ነው፤ ብሩ ግን ድንበር አይሻገርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከ57 ብር ገደማ የተነሣው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ለአስመጪው መንገዱ ሰፋለት። ሀገር ቤት የሚኖር ሰው ጥሪቱን ይዞ በውጭ ድርጅት እንዲያቋቁም የሚያስችለው በር ግን ዛሬም በብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በጥቁር ገበያ ሐዋላ ይሾልካል። የሾለከ ገንዘብ ደግሞ ሕጋዊ ምንጩን ማስረዳት አይችልምና፣ ማመልከቻው ገና ከመነሻው ይሰናከላል። በጓሮ የወጣ ብር በፊት ለፊት በር አያስገባም።

«ዶላር ለመድኃኒትና ለነዳጅ ባነሰበት ሀገር ለማን ልንሰጥ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መልሱ ግን ፍጹም መቆለፍ አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ለእያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት 25,000 ዶላር ወደ ውጭ እንዲልክ ፈቀደች፤ ጣሪያው ዛሬ 250,000 ደርሷል። የነገሩን ምጸት ተመልከቱ፤ ሕንድ ሁለተኛውን ቁልፍ ሠርታ የመጀመሪያው የላትም፤ እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ደብቀናል። ግብሩን ለከፈለ፣ ጥሪቱን በባንክ ላሳየ ነጋዴ በልክ የተቆረጠ፣ ከትርፉ ከፊሉን ወደ ሀገር የመመለስ ግዴታ ያለበት ፈቃድ ቢሰጥ ምን ይጎድለናል? በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችውን ሰፈር አስቡ። በዚያ ለተከፈተ እያንዳንዱ ምግብ ቤት በርበሬውና ሽሮው ከወዴት ይመጣል? በውጭ የሚከፈት የሀገር ልጅ መደብር ለሀገር ገበሬ የተከፈተ ገበያ ነው።

ይህ የባንክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቃልም ጉዳይ ነው። «ደረሰኝ» ከማለት «ልሠራ ነው» ወደ ማለት ልንሻገር ይገባናል። ሕግ አውጪው ቁልፉን ያውጣ፤ ነጋዴው መዝገቡን ያስተካክል፤ የምናነብ ሰዎች ደግሞ ውሉን አንብበን ለማያነበው እንንገር።

ዕጣ ሲጠባበቅ ዘመኑ አለፈበት፣
ቁልፉ ኪሱ ሳለ ደጁ ላይ መሸበት፤
በሩስ መች ጨከነ? ማን ዘግቶ ያዘበት?
ሁለተኛው ቁልፍ ነው የቀረው እኛ ቤት።

ቸር ሰንብቱ።