ኮከብ ሲደበዝዝ ማንን እንጠርጥር?

እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ታቤታ ቦያጂያንና ባልደረቦቻቸው ስለ አንድ ኮከብ ጥናት ካወጡ ወዲህ፣ «ሌላ ዓለም ላይ ሥልጡን ፍጡራን ተገኙ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከጋዜጣ አልጠፋም። ኮከቡ በመዝገብ ስሙ ኬአይሲ 8462852 ነው፤ ሰዉ ግን በተመራማሪዋ ቁልምጫ የታቢ ኮከብ ይለዋል። ከእኛ 1,470 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከ2009 እስከ 2013 ከ150,000 በላይ ከዋክብትን ሲከታተል፣ የዚህኛው ብርሃን አንድ ጊዜ 15 በመቶ፣ ሌላ ጊዜ 22 በመቶ ያህል ቀነሰ። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ከፊቱ ቢያልፍ የሚጋርደው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ፕላኔት ደግሞ ቀጠሮውን ጠብቆ ይመላለሳል፤ የዚህ ኮከብ መደብዘዝ ግን ቀጠሮ አልነበረውም። ነገሩን ያስተዋሉትም የኬፕለርን መረጃ በትርፍ ጊዜያቸው ሲያገላብጡ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ያኔ ከቀረቡት ግምቶች አንዱ፣ ኮከቡን የከበበው ሥልጡን ፍጡራን ኃይል ለመሰብሰብ የሠሩት ግዙፍ መዋቅር ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። ሐሳቡ ተራ ተረት አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ፍሪማን ዳይሰን በ1960 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እጅግ የሠለጠነ ሕዝብ የኮከቡን ብርሃን በሙሉ ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ከተጠቀመበትም ሙቀቱ እንደሚያጋልጠው አስረድተዋል። የእኔ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። መደብዘዝ ብቻውን የሚነግረን በእኛና በኮከቡ መካከል አንድ ነገር ማለፉን ነው፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ የሚለየው ቀለምና ሙቀት ነው። ጠጣር ግንብ ሰማያዊውንም ቀዩንም ብርሃን እኩል ይጋርዳል። ደቃቅ አቧራ ግን ሰማያዊውን አብዝቶ ያስቀራል፤ በበጋ አቧራ ማታ ፀሐይ ቀልታ እንደምትታየው ማለት ነው። ከ1,700 በላይ ሰዎች ባዋጡት ከ100,000 ዶላር በላይ የምልከታ ጊዜ ተገዝቶ፣ በ2017 ኮከቡ እንደገና ሲደበዝዝ በተለያየ ቀለም ተለካ። በ2018 መጀመሪያ የታተመው ውጤት ሰማያዊው ብርሃን የበለጠ መቀነሱን አሳየ። ግንብ ቢሆን ኖሮ የሚጠበቀው የሙቀት ጨረርም አልተገኘም። በ2015 የሬዲዮ ምልክት የፈለጉ ሰዎችም ምንም አልሰሙም።

«የአቧራው ምንጭ እስካልታወቀ ድረስ በሩ አልተዘጋም» የሚል ተከራካሪ አለ፤ ግማሽ እውነት ይዟል። ያን ያህል የደቀቀ አቧራ በኮከቡ ብርሃን ግፊት ቶሎ ተጠርጎ ስለሚሄድ አዲስ የሚያመነጭ ነገር መኖር አለበት። ጅራታም ኮከቦች ይሁኑ የተሰባበረ ሌላ አካል፣ ገና አልተቆረጠም። ሆኖም የአቧራውን ምንጭ አለማወቃችን ለግንበኞች ምስክር ሆኖ ሊቆጠር አይችልም። «ሙቀታቸውን የሚደብቁበት ጥበብ ቢኖራቸውስ?» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ይደክማል፤ ምንም ዓይነት ውጤት ቢመጣ የማይነካው ግምት መፈተኑ ቀርቷልና።

ከፍራንክፈርቱ ሰፈር ከጋሉስ በቅርብ የሚገኝ ማስረጃም አለ። በጋሉስቫርተ ጣቢያ የሚያልፈው ኤስ 3 ባቡር የሚያደርሰን ዳርምሽታት ውስጥ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ የመንኮራኩር መቆጣጠሪያ ማዕከል አለ፤ ጋያ የተባለችው ከዋክብት ቆጣሪ መንኮራኩር ከዚያ ነበር የምትመራው። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን መዋቅር ፍለጋ የጋያንና የሌሎች ቴሌስኮፖችን መረጃ አጣምረው 5 ሚሊዮን ያህል ከዋክብትን ካበጠሩ በኋላ፣ በ2024 ትርፍ ሙቀት ያላቸው 7 ዕጩዎች አቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች የሦስቱ ትርፍ ሙቀት ከኋላቸው በተሰለፉ አቧራማ ጋላክሲዎች የመጣ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። ጥሩ ፍለጋ ማለት ይህ ነው፤ ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ይናገራል፣ ውጤቱንም ለተቃዋሚ ያስረክባል።

ከሥርዓቱ የወጣ ኮከብ ሲያይ ሰው ፈቃድና ዓላማ መፈለጉ የቆየ ነገር ነው። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ትእዛዝ ጥሰው የታሰሩ ሰባት ከዋክብትን ያነሳል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከሀገራችን ይዞ ለዚህች ከተማ ካስረከባቸው ብራናዎች አንዱም ይኸው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው በእምነት ቋንቋ ስለሆነ በቴሌስኮፕ አልዳኘውም። ያነሳሁት ሰማይን ማንበብ ለእኛ እንግዳ ሙያ እንዳልሆነ ስለሚያስታውስ ነው፤ ይህን የሚያህል ቅርስ ይዘን የሌሎችን ግኝት በወሬ ብቻ መቀበላችን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። የታቢ ኮከብ በዓይን አይታይም፤ መካከለኛ የአማተር ቴሌስኮፕ ግን ይበቃዋል፣ ከእንጦጦም በደንብ ከፍ ብሎ ያልፋል። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የሚመሯቸው ባለሙያዎች ይህንና መሰል ከዋክብትን በየጊዜው ለክተው ውጤቱን ለዓለምም ለአማርኛ አንባቢም ይፋ ያድርጉልን። እዚህ ፍራንክፈርት የምንኖር ወላጆች ደግሞ በ1824 የተመሠረተው የፊዚክስ ማኅበር ፊዚካሊሸር ፌራይን ሮበርት ማየር ጎዳና ላይ ለሕዝብ የሚከፍተው የከዋክብት ማያ ከጋሉስ ሩቅ አይደለምና፣ ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ።